በፊውዙ ቦታ የገባ ወረቀት

እኔ ፊውዝ የምሸጥ ሴት ነኝ። አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ የሞተር ሳይክልና የባጃጅ መለዋወጫ የሞላባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ካንዴላ በሉኝ፣ የፍሬን ሸራ በሉኝ፣ አምፖል በሉኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከመደርደሪያው አወርድላችኋለሁ። ወይንሸት ምላሷ ሹል ነው ይሉኛል። ይበሉ። ወንድ በሞላበት ገበያ ምላሷ የለሰለሰ ሴት ሱቋን ይዛ አትቆይም። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ፣ በኋላ የሆነውን ስትሰሙ «ሳታውቅ ነው» እንዳትሉልኝ ነው። አሳምሬ አውቃለሁ።

ስለ ፊውዝ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጥፍር የምታህል ነገር ናት፤ ከሞተሩ ጎን፣ ክዳን ውስጥ ትቀመጣለች። ውስጧ ቀጭን ሽቦ አለ። ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ እሷ ተቃጥላ ሌላውን ታተርፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ሰዉ ግን ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሚሰድበው እሷኑ ነው። «ፊውዝሽ የማይረባ ነው» ብለው ሱቄ ድረስ መጥተው የጮኹብኝን ቤት ይቁጠራቸው።

ፊውዝ ደጋግመው ከሚያቃጥሉት ደንበኞቼ አንዱ ቶላ ነበር፤ እሱ ግን አይጮኽም። ቶላ የታናሽ እህቴ የማርታ ባል ነው። በቆጂ፣ ከአባታችን ግቢ ጋር አጥር ተጋርተው ይኖራሉ። በሞተሩ ሰው ያመላልሳል፣ ገብስ ያደርሳል፣ የታመመ ይወስዳል። ዝምተኛ ነው። ከሰው ጋር መጣላት ስለማይችል እኔ በሱ ፋንታ ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ። የበቆጂን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ የሞተር መሪ የያዘ እጅ የራስ አይመስልም። ስለዚህ ቶላ ከኔው ሱቅ የመሪ ማሞቂያ ገዛ። ቀጥሎ ለጉሙ ብሎ ሁለት ቢጫ መብራቶች ወሰደ። ከዚያ ጋሪ አልሰማኝ አለ ብሎ የካሚዮን ክላክስ፣ በመጨረሻም ስልክ መሙያ ቻርጀር።

«ቶላ፣ ይሄ ሞተር እኮ ነው፤ አይሱዙ አይደለም» እለዋለሁ። «የሚያመነጨው ኃይል ትንሽ ናት። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከባትሪው የራሱን መስመር አውጣለት፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ፊውዝ አድርግለት። ሁሉንም አንድ ሽቦ ላይ ብታንጠለጥለው አይችልህም።»

«እሺ እትዬ፣ ሰሞኑን አሠራዋለሁ።»

እሺ ይላል እንጂ የበቆጂ ሞተረኛ እንዴት እንደሚሠራው አውቃለሁ። የፊት መብራቱን ሽቦ በጥርሱ ይልጠዋል፣ አዲሱን ሽቦ ይጠመዝዝበታል፣ በፕላስተር ይጠቀልለዋል፣ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ሞተሩን አቁሞ የሚያሠራ የለም፤ ሞተሩ ከቆመ ቤቱ ምን ይበላል? ፊውዙ ሲቃጠልበት ደግሞ መጥቶ «ተለቅ ያለ ስጪኝ» አለኝ። አልሸጥም አልኩት። የሚገባውን መጠን ሰጥቼ፣ አንዲት መጠባበቂያ ጨምሬ፣ ገሥጬ ሰደድኩት።

አባታችን የልብ ሕመምተኛ ነበር። አንድ ቀን መድኃኒቱ በቆጂ ጠፋ ብላ ማርታ ደወለችልኝ። አሰላን ከላይ እስከ ታች አስሼ፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ የገባሁበት መድኃኒት ቤት ውስጥ አገኘሁት። በጥቁር ቦርሳ አድርጌ፣ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ልሄድ ተዘጋጅቼ አደርኩ።

ጠዋት ቁልፍ ለጎረቤት ባለሱቅ ልሰጥ ሱቄ ብቅ ስል ቶላ በሩ ላይ ቆሟል። ልብሱ በስብሷል።

«በሰላም ነው?»

«አባባን ትንሽ ከበድ አድርጎታል። ሊያይሽ ፈልጓል። ልወስድሽ መጣሁ።»

«በዚህ ዝናብ በሞተር? ሚኒባስ የለም እንዴ?»

«ቤንዚን ጠፍቶ ተሰልፈዋል። እንሂድ በዚሁ።»

ሰልፉ እውነት ነው፤ ዓይቼዋለሁ። ግን መናኸሪያው በር ላይ «በቆጂ! በቆጂ!» የሚል ድምፅም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ሰው ልቡ ሲደነግጥ ጆሮው የሰማውን አይመዝንም። ቦርሳውን ከኋላ መጫኛው ላይ፣ ከጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት። መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ቋጠሮውን በሙሉ ጉልበቴ ነው የሳብኩት።

«ስልክሽ ባትሪ አለው?» አለኝ ቶላ።

«ትንሽ አለው፤ ማታ መብራት አልነበረም።»

«አምጪው፤ ሞተሩ ላይ ልሰካልሽ።»

ሰጠሁት። የሆነ ነገር ነካካና ከመሪው መሐል በታሰረችው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከቶ ቻርጀሩን ሰካው። አቤት ደግነቱ፣ በዚህ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ለስልኬ ያስባል ብዬ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

መንገዱን ስንጀምር ቶላ እንደ ወትሮው አልነዳም። ደርባባ ሙሽራ የጫነ ይመስል ቀስ ይላል። ትከሻውን መታ አድርጌ «ፈጠን በል እንጂ» እለዋለሁ፤ «ያንሸራትታል እትዬ» ይለኛል። ሳጉሬ ከተማ ስንደርስ ጭራሽ አቆመ።

«ምን ሆነ?»

«ቁርስ አልበላሽም። ትንሽ ቅመሽ።»

«አብደሃል? አባቴ ታሞ እኔ ቁጭ ብዬ ልብላ?»

«ብዪ እትዬ። ያስፈልግሻል።»

ምግብ ቤት አስገብቶ እንቁላል አዘዘልኝ። እሱ አልበላም። ሻዩን ይዞ በሩን ነው የሚያየው። አንድ ሰው ገብቶ ሊያናግረው ሲል ቶላ ብድግ ብሎ ወደ ውጭ ይዞት ወጣ። በንዴት እንቁላሉን ሁለቴ ጎርሼ ተነሣሁ። እዚያው በሰው ፊት ሰደብኩት፤ «የወለደህ ቢሆን እንዲህ ታንቀላፋ ነበር?» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ሂሳቡን ከፍሎ ሞተሩን አስነሣ።

ከሳጉሬ በኋላ ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ መጣ። የኛ አገር ጉም የሚገርም ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፊትህ የዘረጋኸውን እጅ ያሳጣሃል። ቶላ ሁለቱን ቢጫ መብራቶች አበራ። እጁ ደንዝዞ ስለነበር ማሞቂያውንም ከፈተ። ከፊት ለፊት ጋሪ ይሁን ከብት በማይታይበት መንገድ ክላክሱን እየደጋገመ ይነፋል። ስልኬ ከመሪው ላይ ይሞላል። እኔ ከኋላው ሆኜ አራቱም ዕቃዎች ባንድ ሽቦ ላይ እንዳሉ ትዝ አለኝ። አፌን ልከፍት ስል ሞተሩ ቀጥ አለ። መብራቱም፣ ድምፁም፣ ሁሉም ባንዴ ጠፋ።

ገፍተን ዳር አወጣነው። ቶላ ክዳኑን ከፈተ፤ ፊውዟ ጠቁራለች። ያቺን የሰጠሁትን መጠባበቂያ አወጣና ሰካት።

«ቆይ!» አልኩት፤ «ምን እንዳቃጠላት ሳታይ…»

ቁልፉን አዞረው። ጭል አለችና እሷም ሄደች።

እንግዲህ ፊውዝ የምትሸጥ ሴት፣ ሱቋ በፊውዝ የተሞላ፣ በጉም መሐል ያለ አንዲት ፊውዝ ቆመች። ሳቄም ልቅሶዬም አብረው መጡብኝ።

«ስልኬን ስጠኝ፣ ለማርታ ልደውል።»

«እዚህ ኔትወርክ የለም።»

ከመንገዱ ማዶ፣ በሸራ ሥር፣ ድንች በጆንያ የሚሸጥ ሰውዬ ተቀምጧል። ሲጋራ እያጨሰ ሲያየን ቆየና ተነሥቶ መጣ። ነገሩ ገብቶታል። የሲጋራውን ፓኮ ከፈተ፣ ውስጡ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ቀደደና ለቶላ ዘረጋለት።

«ጠቅልላትና መልሰህ ስካት። እኛ ሁላችን እንደሱ ነው የምናደርገው።»

እውነቱን ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሱቄ ከሚመጡት ሞተሮች የስንቱን ክዳን ከፍቼ ያንን ወረቀት እየተሳደብኩ አውጥቻለሁ። ወረቀቱ አይቃጠልም፤ እሱ ስላልተቃጠለ ሽቦው ይቃጠላል። ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በቤንዚን ጋኑ ሥር ነው። ቶላም ይህን ከኔው አፍ ሰምቷል። ወረቀቱን በጣቶቹ ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ብንጠብቅ? መኪና አይጠፋም።»

«አባቴ እያጣጣረ አንተ ጉም እስኪገለጥ ትጠብቃለህ?»

አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ሊናገር ነበር። አሁን ሳስበው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን በፊውዟ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

እኔም እንግዲህ ካልቀረ ብዬ በማውቀው ገባሁበት። «መብራቶቹን አጥፋ። ማሞቂያውን አጥፋ። ክላክሱን እንዳትነካ። ቻርጀሩንም ከነሽቦው ንቀለው፤ እሱ ማጥፊያ የለውም።»

ሁሉንም አደረገ፤ ቻርጀሩ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

«ይሄ ይቆይ። ስልክሽ ገና አልሞላም።»

«ስልኩ ገደል ይግባ! ንቀልና ስጠኝ።»

«ትንሽ ነች እትዬ፣ ምንም ኃይል አትወስድም። በቆጂ ቅርብ ነው።»

ቶላ ሲከራከረኝ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ተገረምኩና ተውኩት። የሁላችንም ጥፋት እዚያች ላይ ተሰበሰበች። ሁለቱን ፊውዞች ያቃጠለው የቻርጀሩ ሽቦ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። ከጋኑ ሥር ካለው ብረት ጋር ሲፋተግ ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ ኖሯል። ያ ሽቦ ቢነቀል ኖሮ በዚያች ወረቀትም ቢሆን በቆጂ እንገባ ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። ድንች ሻጩ እጁን አውለበለበልን። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የተቃጠለ የሽቦ ልባስ ሽታ ነው፤ ሱቄ የሚመጡ ሞተሮች ላይ ስለማሸተው አውቀዋለሁ።

«ቶላ፣ አቁም!»

አቆመ። ከጋኑ ሥር፣ ከጉልበቱ መሐል ጭስ ይወጣል። ዘለን ወረድን። ሞተሩ ወደ ጎን ሲወድቅ ከውስጡ ቡፍ የሚል ድምፅ ወጣና እሳቱ የሞተሩን የፊት ክፍል በሙሉ ያዘው።

በዚያች ቅጽበት ሞተሩ አልታየኝም፣ ቶላም አልታየኝም። የታየኝ ያ ከኋላ የታሰረ ጥቁር ቦርሳ ነው። የአባቴ ነፍስ እዚያ ውስጥ ናት። አሰላ ሙሉ አስሼ ያገኘኋት ናት። «መድኃኒቱ!» ብዬ ሮጥኩ።

ቶላ ከኋላዬ ጋቢዬን ጨምድዶ ይዞ ወረወረኝ። ቦዩ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። ቀና ብዬ ስመለከት ቶላ እሳቱ አጠገብ ተንበርክኮ ቋጠሮዬን ይፈታል። ያንን በሙሉ ጉልበቴ የሳብኩትን ቋጠሮ። አይፈታለትም። ላስቲኩ መቅለጥ ጀምሯል፤ እየቀለጠ ጣቶቹ ላይ ይጣበቃል። የለበሰው ናይለን ጃኬት ከእጅጌው ጀምሮ ተያያዘ። አልጮኸም። ዝምተኛ ነው ብያችሁ የለ። ላስቲኩ ተበጠሰና ቦርሳውን በሁለቱ ክንዶቹ አቅፎ መጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው።

«ያዢ» አለኝ።

ቦርሳውን ከፈትኩ። ካርቶኑ ጫፉ እንኳ አልነደደም። «ተመስገን» አልኩ። ቶላ ከፊቴ ቆሞ፣ እጅጌው እየጨሰ፣ እኔ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ነው እጆቹን ያየሁት። የጋቢዬን ጫፍ በዝናብ ውኃ ነክሬ ልጠቀልልለት ስሞክር ቆዳው አብሮ መጣ። የቀረውን አልነግራችሁም።

«በርታ ቶላ። መኪና አስቆማለሁ። መጀመሪያ መድኃኒቱን ለአባባ አድርሰን፣ ከዚያ አንተን ሐኪም ቤት እንወስድሃለን።»

«እሺ እትዬ» አለኝ።

እሺ አለኝ፣ ሰዎች። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት እሰማታለሁ።

ከጉሙ ውስጥ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ጋሪ ነው። ነጂው ኦቦ ገመዳ፣ ከአባቴ ጋር ገብስ ሲነግዱ የኖሩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋሪው ላይ የተደራረቡ አግዳሚ ወንበሮችና የተጠቀለለ ትልቅ ሸራ ተጭኗል። ከጋሪው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሳቱን አላዩትም፤ በቀጥታ ወደኔ ነው የመጡት።

«ጃባዱ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። «እግዜር ያጥናሽ። አባትሽ ደግ ሰው ነበር። እኔንም ቀድሞኝ ሄደ።»

«ምን ማለትዎ ነው? ማን ነው የሄደው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። ወደ ቶላ ዞሩ። ቶላ መሬት መሬት ያያል። እኔ ወደ ጋሪው ተመለከትኩ። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ የእድር ስም በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ሸራው የእድር ድንኳን ነው። የኛ ሰፈር እድር ድንኳን ስለማይበቃ ከጎረቤት ቀበሌ ተውሰው ነው የሚወስዱት። ለአባቴ ልቅሶ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ቶላን።

«አዎ እትዬ።»

«መቼ ነው?»

«ሊነጋ ሲል አረፈ። ከዚያ ነው ወዳንቺ የመጣሁት።»

እንቁላሉ ትዝ አለኝ። ስልኬ ትዝ አለኝ፤ እዚያው መሪው ላይ ነድዶ አልቋል። ቀስ ብሎ መንዳቱ፣ ቻርጀሩን አልነቅልም ማለቱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያገኘኝ በሞተር መውሰዱ፣ ሁሉም ባንዴ ተገጣጠመልኝ። በኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም፤ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ በመንገድ፣ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከግራ ከቀኝ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይነገራል። አጎቴና ማርታ ለቶላ የሰጡት ትእዛዝ ይኸው ነበር። ስልኳን ውሰድባት፣ አብላት፣ ሰው ሳያገኛት አክስቷ ቤት አድርሳት፣ የቀረውን እኛ እናውቃለን።

«ታዲያ መድኃኒቱን…» ቦርሳውን ወደሱ ዘረጋሁት። «ታዲያ እሳት ውስጥ ለምን ገባህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቀን ዓይኔን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

«አንቺ ልትገቢ ነበር።»

«ሞቷል ብትለኝ እኮ አልገባም ነበር!»

«አውቃለሁ። ልልሽ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። መንገድ ላይ፣ ብቻሽን… እንዴት ብዬ?»

ኦቦ ገመዳ ወንበሮቹን አውርደው መንገድ ዳር ደረደሩ። ቶላን በተጠቀለለው ድንኳን ላይ አስተኛነው። እኔ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መድኃኒቱ በእጄ ነው፤ የት ላድርገው? ደረቷን ስትመታ ሰው ሊይዛት የታሰበላት ሴት የሰው ባል ታቅፋ፣ በአባቷ ድንኳን ላይ ተቀምጣ በቆጂ ገባች። ለአባቴ ማልቀስ አልቻልኩም። ቶላ በየጉድጓዱ ጋሪው በዘለለ ቁጥር ያቃስታል፤ እኔ ፈረሱ እንዲፈጥን እጸልያለሁ።

በቆጂ ሐኪም ቤት አጥበው፣ ጠቅልለው ወደ አሰላ ላኩት። ብዙ ጊዜ ተኛ። የቀኝ እጁ ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ። ከግራ እጁ አውራ ጣቱ ብቻ ነው እንደ ልቡ የሚታዘዘው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ይዞ አያውቅም። ሸሚዙን የምትቆልፍለት፣ ምግቡን የምትቆርስለት ማርታ ናት።

በልቅሶው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ግን የተነሣው ነገር ሌላ ነበር። አጎቴ ኦቦ ገመዳን ይወቅሳቸዋል፦ «እንዴት በመንገድ መርዶ ይናገራሉ? እንዲህ ያለ ነውር!» ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ነው ከተቀመጥኩበት የተነሣሁት። ልቅሶ ላይ ያለች ሴት አትናገርም፤ እኔ ተናገርኩ።

«እኚህን ሰው ተዉዋቸው» አልኩ። «ዛሬ እውነቱን የነገረኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ሰው ጠዋት ነግሮኝ ቢሆን፣ በሚኒባስ መጥቼ አልቅሼ እገባ ነበር። የቶላ እጅም ከነጣቱ ይኖር ነበር።»

«እኛ እኮ ለአንቺ አስበን ነው ልጄ» አለኝ አጎቴ፤ እንባው ይወርዳል።

አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢኖርበት እሱን ጠልቼ ባረፍኩ ነበር። የሚጠላ ሰው የለውም፤ ሁሉም ለኔ ያሰበ ነው።

አንባቢዎች፣ በተለይ ሞተር የምትነዱ፣ የሱቅ ምላሴን ለአፍታ ታገሡኝ። መብራትም ሆነ ክላክስ ስትጨምሩ ከባትሪው የራሱን መስመር አውጡለት። ፊውዟን ባትሪው አጠገብ አድርጓት። ሽቦው ብረት በሚነካበት ቦታ ሁሉ ልባስ ደርቡለት። ፊውዝ ከተቃጠለች ነገረችህ ማለት ነው፤ ምን ልትልህ እንደፈለገች ሳታይ ሌላ አትስካባት። ተለቅ ያለ አትፈልግ። በወረቀት አፏን አትዝጋባት። አሁን ሱቄ ውስጥ ፊውዝ የሚገዛ ሁሉ ተጨማሪ ሁለት ይዞ እንዲሄድ ግድ እላለሁ፤ የሚሳደብ ይሳደብ።

የመርዶውን ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልነግራችሁም። በስልክ ሰምተው መኪና መንገድ ላይ የወደቁ ሰዎች አውቃለሁ። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያወጡት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። እኔ የምለው፣ ዝምታችሁን ለማን እንደምታሸክሙት እዩ ነው። እኛ ቤት አፉን መክፈት በማይችለው ሰው ላይ ነው የተጫነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቶላን ሱቄ አምጥቼዋለሁ። ቀን ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ ሞተረኞቹን ያናግራል። እጁን ሲያዩ የኔን ምክር ሳይከራከሩ ይሰማሉ። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጎበሳ ከተማ የሚኖረው የቶላ ወንድም ነው።

«እትዬ፣ አባታችን አረፈ። ለቶላ እንዳትነግሪው አደራ። አሞታል በይና ሰው አስይዘሽ ላኪው። ስልኩን ውሰጂበት።»

እሺም እምቢም ሳልለው ዘጋሁት። ቶላ ጀርባውን ሰጥቶኝ ደጅ ደጁን ያያል። ከጎኔ ያለችውን ሱቅ ባለቤት ጠርቼ አጠገቡ እንድትቆም በዓይኔ ነገርኳት። በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ቶላ» አልኩት፤ «አባትህ አርፏል። ዛሬ ጠዋት።»



«አሁን ነው የነገሩሽ?»

«አሁን።»

ተነሣና ከምስማሩ ላይ ኮቱን አወረደ። ክንዱን አስገባ። በአውራ ጣቱ ቁልፎቹን ሞከረ፣ ሞከረና ተወው።

«ቆልፊልኝ» አለኝ።

ከላይ እስከ ታች ቆለፍኩለት። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጣለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ያን ቀን እሳት ውስጥ ያልጮኸው ሰው፣ ሱቄ ውስጥ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም ለአባቴ ያላለቀስኩትን አብሬው አለቀስኩ። ሲወጣልን ሱቁን ዘጋሁ፤ ክንዱን ይዤው ወደ መናኸሪያው ሄድን።